ዳግማዊ ምኒልክ መቼ ደፈሩ? መቼስ ታገሡ?

ሰው ሁሉ ነገ የሚሆነውን ሳያውቅ ዛሬ ለመቍረጥ ይገደዳል። ገበሬ ዝናሙ በጊዜው ይመጣ እንደ ሆነ ሳያውቅ ዘሩን ከጎተራ አውጥቶ ለመሬት ይሰጣል፤ ነጋዴ ገበያው ይወጣ ይወርድ እንደ ሆነ ሳያውቅ ገንዘቡን በዕቃ ይለውጣል፤ ተማሪ የትኛው ትምህርት እንጀራ እንደሚሆነው ሳያውቅ ከብዙዎቹ አንዱን ይመርጣል፤ የመንግሥት ሠራተኛም በፊቱ በቀረበለት ወረቀት ላይ ሲፈርም የፊርማውን ፍሬ የሚያየው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ስለዚህ አደጋ የሌለበት ውሳኔ የለም ለማለት ይቻላል።

በአነጋገራችን ሰዎችን ደፋርና ፈሪ ብለን በሁለት እንከፍላቸዋለን። ደፋር የተባለው ሁልጊዜ ደፋር፣ ፈሪ የተባለውም ሁልጊዜ ፈሪ እንደ ሆነ እናስባለን፤ ድፍረትና ፍርሃት እንደ መልክ ከእናትና ካባት የሚወረሱ ይመስለናል። የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ቀረብ ብለን ስንመረምር ግን ነገሩን እንዲህ ቀላል ሆኖ አናገኘውም። አንዱ ሰው በአንድ ዘመን ነፍሱን ለሞት አሳልፎ ሲሰጥ፣ በሌላው ዘመን ደግሞ ክብሩን ዝቅ አድርጎ ዕርቅ ሲለምን እናየዋለን። ለዚህ ምሳሌ ይሆነን ዘንድ ዛሬ የዳግማዊ ምኒልክን ሕይወት በዚህ በኩል ብቻ እንመለከታለን። የንጉሠ ነገሥቱን ታሪክ አንባቢዎቻችን ከትምህርት ቤት ጀምረው ስለሚያውቁት ሁሉንም ልንደግመው አንሻም። የምንሻው፣ አደጋ በፊታቸው በቆመ ጊዜ ምን እንደ መረጡ፣ ምርጫቸውም ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጐደለ ለማየት ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ በአንጎለላ ተወለዱ። አያታቸው ስመ ጥሩው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ አባታቸውም በኋላ የሸዋን ዙፋን የወረሱት ንጉሥ ኃይለ መለኮት ነበሩ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ለማስገበር በመጡ ጊዜ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ፤ የዐሥራ አንድ ዓመቱ ልጃቸውም ተማርከው በመጨረሻ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ምርኮው ግን የሰንሰለት ኑሮ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ልጃቸው አሳደጓቸው፤ የመንግሥትን አመራርና የጦርን ዘዴ በቅርብ እንዲያዩ አደረጓቸው፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው።

እንግዲህ ወጣቱ ምኒልክ በመቅደላ ምግብ፣ ክብር፣ ትዳር ነበራቸው። ያልነበራቸው አንድ ነገር ብቻ፣ እሱም ያባታቸው ዙፋን ነበር። በዚያው ጊዜ በሸዋ የዐፄ ቴዎድሮስ ሹም የነበረው በዛብህ ሸፍቶ አገሩን ለራሱ አድርጎት ነበር። ምኒልክ በመቅደላ ቢቀመጡ ሕይወታቸው አይነካም፤ ነገር ግን ዙፋኑ በየዓመቱ እየራቀ ይሄዳል። ቢሸሹና ቢያዙ ቅጣቱ ሞት እንደ ሆነ ማንም ያውቀዋል። በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ሚስታቸውን ትተው፣ ከጥቂት ታማኞች ጋራ ከአምባው ወርደው ሸሹ። ዕድሜያቸው ገና 21 ዓመት አልሞላም ነበር።

መንገዱ በወሎ በኩል ስለ ነበር በወይዘሮ ወርቂቱ እጅ ወደቁ። ወርቂቱ የወሎን አንድ ክፍል ያስተዳድሩ የነበሩ ብርቱ ሴት ሲሆኑ፣ የገዛ ልጃቸው በመቅደላ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር። ምኒልክን አሳልፈው ቢሰጡ ልጃቸውን ሊያስመልሱ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ዐፄ ቴዎድሮስ የምኒልክን ማምለጥ በሰሙ ጊዜ ቍጣቸውን መግታት አቅቷቸው የወርቂቱን ልጅ ከሌሎች እስረኞች ጋራ አስገደሉት። መርዶው በደረሰ ጊዜ ወርቂቱ ለልውውጥ የሚያስቀሩት ምክንያት ስላልነበራቸው ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፏቸው። ምኒልክም አገራቸው ገብተው በዛብህን ድል አደረጉና ያባታቸውን አልጋ ያዙ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሁለት ነገር እንዲያስተውል እንወዳለን። መጀመሪያ፣ ምኒልክ ይህን የመሰለ ድፍረት የደፈሩት ዙፋኑን እንደ ጠፋ ዕቃቸው ይቈጥሩት ስለ ነበረ ነው። ሰው የራሱ የነበረ ነገር እንደ ተወሰደበት ሲያስብ፣ ያንን ለማስመለስ ሌላ ጊዜ የማይደፍረውን ይደፍራል። ሁለተኛ፣ የድፍረቱን ዋጋ የከፈለው ደፋሩ ብቻ አይደለም። ምኒልክ ሲያመልጡ በመቅደላ የቀሩት እስረኞች ሞቱበት። አደጋ ላይ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ሌላውንም ይዞ ይወጣል፤ ይህን ነገር ከዚህ በታች ደጋግመን እናገኘዋለን።

ከሁለት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ኃይላቸው ደክሞ፣ አገሩ ሁሉ ሸፍቶባቸው፣ ከመቅደላ ርቀው ሳሉ፣ ምኒልክ ብዙ ሠራዊት አስከትለው እስከ አምባው ግርጌ ደረሱ። በአምባው ላይ የነበሩት እስረኞች ሁሉ ነጻ መውጫቸው ዛሬ ነው ብለው ተስፋ አደረጉ። ምኒልክ ግን ጥቂት ቀን ሰንብተው ሳይዋጉ ወደ ሸዋ ተመለሱ። አሁን እንደ ዱሮው ባዶ እጃቸውን አልነበሩም፤ የሚያጡት መንግሥት ነበራቸው። መቅደላን መውጋት ለመንግሥታቸው የሚያስፈራ መሰላቸው። የእንግሊዝ ጦር መጥቶ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ ምኒልክ በሸዋ ነበሩ።

ይህ ጥንቃቄ ሠራዊታቸውን አትርፏል። ነገር ግን ያስከፈለው ዋጋ ነበረ። እንግሊዞችን በመንገድና በስንቅ የረዱት የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ነበሩ፤ እንግሊዞችም ሲመለሱ ለውለታቸው መድፍና ጠበንጃ ትተውላቸው ሄዱ። ካሣ በዚህ መሣሪያ በቍጥር በብዙ ይበልጣቸው የነበረውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት በ1863 ዓ.ም. ድል አድርገው፣ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ምኒልክ ዙፋኑን ለመጠበቅ ሃያ ዓመት ያህል ግድ ሆነባቸው። ከአደጋ መራቅ ራሱ አንድ ምርጫ እንደ ሆነና ሒሳቡ ዘግይቶ እንደሚመጣ ከዚህ እንማራለን።

ምኒልክ ከዚህ በኋላ ለብዙ ዓመታት ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ብለው ይጠሩ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ግን በ1868 ዓ.ም. የግብፅን ጦር በጉንደትና በጉራዕ ድል አድርገው፣ ከጠላት የተማረከ ብዙ መሣሪያ ይዘው በ1870 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ገሠገሡ። የምኒልክ መኳንንት ከፊሉ ለመዋጋት ይጓጓ ነበር። ምኒልክ ቢዋጉና ቢያሸንፉ የኢትዮጵያን ዘውድ ያገኛሉ፤ ቢሸነፉ ግን ሸዋን፣ ምናልባትም ነፍሳቸውን ያጣሉ። የኀይሉን ልክ መዘኑና ካህናትና ሽማግሎች እንዲገቡበት አደረጉ። በመጋቢት ወር በልቼ፣ እንዳገሩ ልማድ ድንጋይ ተሸክመው በዐፄ ዮሐንስ ፊት ቀርበው ማሩኝ አሉ። የንጉሠ ነገሥትነትን ስም ተዉ፤ ግብር ለመክፈልም ተስማሙ። ዐፄ ዮሐንስም በገዛ እጃቸው የሸዋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ጫኑላቸው።

ያን ቀን የምኒልክን አንገት በድንጋዩ ሥር ያየ ሰው፣ ክብራቸው ያለቀ መስሎት ይሆናል። ነገር ግን ምኒልክ ስሙን ሰጥተው አገሩን፣ ሠራዊቱንና ጊዜውን ገዙ። ከዚህም በኋላ ባገኙት ጊዜ ከፈረንሳዩም፣ ከኢጣልያኑም፣ መሣሪያ ከሚሸጥ ከማንኛውም ነጋዴ ጠበንጃ ሰበሰቡ። የጠበንጃው ዋጋ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ቡና ሲሆን፣ ይህም ሀብት በብዛት የመጣው ጦራቸው በየጊዜው እየዘመተ ካስገበራቸው ከደቡብና ከምዕራብ አገሮች ነው። የዚያ አገር ሕዝብ በሕይወቱ፣ በመሬቱና በነጻነቱ የከፈለው ዋጋ ከባድ እንደ ነበረ ዛሬ የታሪክ ጸሓፊዎች በሰፊው ይገልጻሉ። የንጉሡን ጥንቃቄ ስናመሰግን፣ ለጥንቃቄው ስንቅ ያቀረበው ማን እንደ ነበረ መርሳት አይገባንም።

በ1874 ዓ.ም. ምኒልክ ከጎጃሙ ንጉሥ ከተክለ ሃይማኖት ጋራ በእምባቦ ተዋጉ። ድሉ የምኒልክ ሆነ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቈስለው ተማረኩ። በዚያን ዘመን የተማረከን ተፎካካሪ ማጥፋት ወይም ዕድሜ ልኩን ማሰር እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ጠላትን በሕይወት መተው ራሱ አደጋ ነውና። ምኒልክ ግን የተማረኩትን ንጉሥ በክብር ያዟቸው፤ ቍስላቸውንም አስታመሙላቸው። የዚህ ምርጫ ፍሬ ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ በዐድዋ ታየ።

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከደርቡሽ ጋራ ሲዋጉ ቈስለው ዐረፉ። ምኒልክ ወዲያው ንጉሠ ነገሥትነታቸውን ዐወጁ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 25 ቀን ከኢጣልያ ጋራ የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። የውሉ 17ኛ ክፍል በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለሚያደርጉት ጕዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ለመገልገል ይቻላቸዋል የሚል ሲሆን፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ነበር። ኢጣልያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

ተንኰሉ በተገለጠ ጊዜ ብዙ ሰው ወዲያው ጦርነት ይነሣል ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። ነገር ግን አገሪቱ በዚያ ሰዓት በክፉ ቀን ውስጥ ነበረች። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት በሽታ በሬውንና ላሙን ፈጀው፤ የሚያርስ በሬ በመጥፋቱ ረኀብ ገባ፤ ረኀቡን ተከትሎም ልዩ ልዩ ተስቦ ሕዝቡን አረገፈው። ስንቅ የሌለው ሠራዊት ወደ ሰሜን ቢዘምት ከጠላት አስቀድሞ ረኀብ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ምኒልክ ጊዜ ወሰዱ። በደብዳቤ ተከራከሩ፤ የኢጣልያን መልእክተኞች ተቀብለው አከራከሩ፤ ኢጣልያ በውሉ መሠረት የሰጠቻቸውንም ጥይት ተቀበሉ። አገሩ ትንሽ ባገገመ ጊዜ በ1885 ዓ.ም. ውሉ የፈረሰ መሆኑን አስታወቁ፤ የተበደሩትንም ገንዘብ ከፈሉ። በ1886 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ ከትግራይ ተነሥተው አዲስ አበባ መጡና ድንጋይ ተሸክመው ለምኒልክ ገቡ። በልቼ ምኒልክ ያደረጉትን አሁን ለምኒልክ ተደረገላቸው። ከዚህ ወዲያ ንጉሠ ነገሥቱ ከኋላቸው የሚወጋቸው ሰው ስለ መኖሩ የነበራቸው ሥጋት እጅግ ቀለለ።

የኢጣልያ ጦር ከመረብ ተሻግሮ እስከ መቀሌ በገባ ጊዜ፣ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ዐወጁ። ወደ 100 ሺህ የሚገመት ሠራዊት ከየአገሩ ተነሣ። ኅዳር 28 ቀን በአምባ አላጌ የማዦር ቶዚሊን ጦር ፊታውራሪ ገበየሁና ራስ መኰንን የነበሩበት ግንባር ቀደም ሠራዊት ደመሰሰው። ቀጥሎ ግን በመቀሌ ምሽግ ነገሩ ጠና። ምሽጉን ፊት ለፊት በመውጋት ብዙ ጀግና ወደቀ፤ ግንቡ ግን አልተደፈረም። በመጨረሻ የውሃው ምንጭ እንዲያዝ የእቴጌ ጣይቱ ምክር ተፈጸመና በውስጥ ያለው ጦር በጥም ተጨነቀ።

እዚህ ላይ ምኒልክ ብዙዎችን ያስገረመ ነገር አደረጉ። የምሽጉ አዛዥ ጋሊያኖና ወታደሮቹ ከነመሣሪያቸው እንዲወጡ ፈቀዱላቸው። አንዳንድ መኳንንት ይህን እንደ ስሕተት ቈጠሩት፤ በእርግጥም ጋሊያኖ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በዐድዋ ተሰልፎ ሲዋጋ ሞተ። ነገር ግን ምኒልክ በምሽግ ላይ ተጨማሪ ደም ከማፍሰስ ዳኑ፤ ዕርቅ የሚሹ መሆናቸውን ለዓለም አሳዩ፤ ጋሊያኖን በመሸኘት ሰበብም ሠራዊታቸውን ያለ ውጊያ ወደ ዐድዋ አቅጣጫ አዞሩ። በጐደለውና በተረፈው መካከል ሒሳቡ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚያደላ ይመስለናል።

በየካቲት ወር ሁለቱ ጦሮች ተፋጠጡ። ምኒልክ በዐድዋ፣ ጀኔራል ባራቲዬሪ በሰውርያ ተራሮች ላይ ሰፈሩ። ሁለቱም ስንቅ አልቆባቸው ነበር። በአበሻው ሰፈር ያ ሁሉ ሕዝብ አገሩን በልቶ ጨርሶት ስለ ነበረ ከጥቂት ቀን በላይ መቀመጥ አይቻልም ነበር። ቢሆንም ምኒልክ ወደ ጠላት ምሽግ ሄደው አልገጠሙም። መቀሌ አስተምሯቸዋል። ረኀቡን ታግሠው፣ ጠላት ራሱ ከምሽጉ እስኪወጣ ጠበቁ፤ ካልወጣም ሰፈራቸውን ነቅለው ለመሄድ አስበው ነበር። መመለስን እንደ ውርደት አልቈጠሩትም።

የባራቲዬሪ ሁኔታ ሌላ ነበር። ባለፈው ዓመት ወደ ኢጣልያ በሄደ ጊዜ እንደ ጀግና ተቀብለውት፣ እሱም ታላቅ ድል ተስፋ አስደርጓቸው ነበር። አሁን አምባ አላጌና መቀሌ ከእጁ ወጥተዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ዝግታውን የሚነቅፍና የሚያዋርድ ቴሌግራም ላከበት፤ በሮምም በምስጢር ሌላ ጀኔራል በሱ ቦታ ተሹሞ ነበር። ባራቲዬሪ በአእምሮው ሲያስበው ወደ ኋላ ማፈግፈጉ ይሻል እንደ ነበረ ያወቀ ይመስላል፤ የካቲት 21 ቀን ማታ አራቱን ጀኔራሎች ሰብስቦ ይህንኑ አሳብ አቀረበላቸው። አልቤርቶኔ፣ አሪሞንዲ፣ ዳቦርሚዳና ኤሌና ግን ማፈግፈግን አልተቀበሉም። በማግስቱ ሌሊት ከ17 ሺህ በላይ ወታደርና 56 መድፍ ይዞ በጨለማ፣ በማያውቀው ተራራ መካከል፣ ትክክል ባልሆነ ካርታ ገሠገሠ። የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ የትኛው እንደ ሆነ በመሳሳት የአልቤርቶኔ ጦር ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ወደ ፊት ሄደ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከንጋት ጀምሮ የኢጣልያን ጦር ተራ በተራ፣ ቍርጥራጭ ሆኖ ተመታ፤ እኩለ ቀን ሲሆን የቀኑ ዕድል ለይቶ ነበር። ከአራቱ ጀኔራሎች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ አልቤርቶኔ ተማረከ፤ ኤሌና ቈሰለ። ከኢትዮጵያም ወገን ፊታውራሪ ገበየሁን የመሰሉ ጀግኖችና በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወደቀ። በዚያ ቀን ከምኒልክ ጋራ ከተሰለፉት መካከል በእምባቦ የማሯቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ድንጋይ ተሸክመው የገቡት ራስ መንገሻም ነበሩበት።

ስለ ባራቲዬሪ ውሳኔ ጥቂት መናገር ያስፈልገናል። ከዐድዋ በኋላ ብዙ ዘመን ቈይቶ፣ በ1971 ዓ.ም. ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ሰዎች በአደጋ ፊት እንዴት እንደሚመርጡ የሚያስረዳ ጥናት አሳትመው ነበር። በጥናታቸው እንዳስረዱት፣ ሰው ትርፍ በእጁ ሲገባ ያንን በማስተማመኛ ለመያዝ ይመርጣል፤ ኪሣራ ላይ እንደ ወደቀ ሲሰማው ግን ኪሣራውን ለማጥፋት ሲል የባሰ አደጋ ይደፍራል። ደግሞም የማጣት ሕመም ከማግኘት ደስታ ይበረታል። ባራቲዬሪን ያስደፈረው ይኸው ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ክብሩን አስቀድሞ እንደ ጠፋ ስለ ቈጠረው፣ ያንን ለማስመለስ የ17 ሺህ ሰው ነፍስ በአንድ ሌሊት ላይ ጣለ። በቁማር ቤት የተበላ ሰው የቀረውን ሁሉ በመጨረሻው ዙር እንደሚያስይዝ ማለት ነው። ምኒልክ ግን ከዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት በልቼ ክብርን ለጊዜው ዝቅ አድርጎ መልሶ ማንሣት እንደሚቻል ስላወቁ፣ በዐድዋ ረኀብም ሐሜትም አላስቸኰላቸውም።

ከድሉ በኋላ ግን ሌላ ከባድ ምርጫ መጣ። መረብን ተሻግሮ ኢጣልያንን እስከ ባሕር ማባረር ይገባል የሚሉ ነበሩ። ምኒልክ አልተሻገሩም። ሠራዊቱ ደክሞና ተርቦ ነበር፤ ኢጣልያ አዲስ ጦር በባሕር እያመጣች ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ያገኙትን ድል በሁለተኛ ጦርነት ከማስያዝ ይልቅ በውል ማሰር መረጡ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌ ውል ተሻረ፤ ኢጣልያም የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት ዐወቀች። ነገር ግን ከመረብ ማዶ ያለው ሕዝብ በቅኝ ግዛት ሥር ቀረ። ከ39 ዓመት በኋላም፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር ያንኑ መረብን ተሻግሮ መጣ። ምኒልክ ቢሻገሩ ያሸንፉ ነበር ወይስ ድሉን ሁሉ ያጡት ነበር የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልቈመም። እኛ የምንለው፣ ባሸነፉ ማግስት ልካቸውን አውቀው የሚቆሙ ሰዎች ጥቂቶች መሆናቸውን፣ ነገር ግን የዚያም መቆም ዋጋ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ማረፉን ነው።

በሰላሙም ሥራ ምኒልክ በዚሁ መንገድ ሄዱ። የምድር ባቡር ሥራ እንዲጀመር በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ ሰጡ። ኋላ የፈረንሳይ መንግሥት ራሱ ኩባንያውን በእጁ ሲያስገባ ግን የውጭ መንግሥት በሐዲድ አሳቦ አገሬ እንዳይገባ ብለው ሠጉ፤ በዚህና በሌላም ምክንያት በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የገባው ባቡር ለብዙ ዓመታት እዚያው ቆሞ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። አዲሱን ትምህርት ለማስገባት በፈለጉም ጊዜ ካህናቱ ሃይማኖት ይበረዛል ብለው ፈርተው ነበር። ምኒልክ አሳባቸውን አልተዉም፤ ካህናቱንም አልተጋፉም። ከግብፅ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ልጆች የሆኑ መምህራን አስመጥተው በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። የዛሬ ተማሪ በወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ይህ ወንበር በአንድ ወቅት የሚያስፈራ ነገር እንደ ነበረ ቢያስበው መልካም ነው።

ይህን ሁሉ አደጋ የመዘኑት ንጉሥ ግን አንዱን ሳይመዝኑት አቈዩት። ይኸውም የወራሻቸው ጕዳይ ነው። በሕይወት ያለ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ ብዙ ሰው ተስፋ ያደርጋቸው የነበሩት ራስ መኰንንም በ1898 ዓ.ም. ዐረፉ። ወራሽ መጥራት መኳንንቱን እንዳይከፋፍል፣ አለመጥራትም የሚጐዳው ነገር ስላልታየ ነገሩ ከዓመት ወደ ዓመት ተላለፈ። ሕመሙ ሰውነታቸውን ካደከመው በኋላ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ገና ልጅ የነበሩትን የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን ወራሽ አደረጉ። ሞግዚት የሆኑት ራስ ቢትወደድ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ምኒልክም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሞታቸውም ለብዙ ጊዜ በይፋ ሳይነገር ቈየ። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ተሻሩ፤ በሚቀጥለው ወርም የኢያሱ አባት የንጉሥ ሚካኤል ጦርና የሸዋ ጦር በሰገሌ ሲገናኙ በሺህ የሚቈጠር የአንድ አገር ሰው እርስ በርሱ ተላለቀ። በመቅደላ ግርጌ ሳይዋጉ እንደ ተመለሱት ያለ የመዘግየት ዋጋ በዚህም ተከፈለ፤ ይህኛውን ግን የከፈሉት ሌሎች ናቸው።

እንግዲህ ምኒልክ ደፋር ነበሩ ወይስ ጥንቁቅ? ከላይ እንዳየነው፣ ሁለቱንም ነበሩ። ዙፋን እንደ ተወሰደበት ሰው በኖሩበት ጊዜ ደፈሩ፤ የሚጠብቁት ባገኙ ጊዜ ታገሡ፤ አንዳንድ ጊዜም ከሚገባው በላይ ታገሡ። ትልቅነታቸው የሚታየው ግን በልቼና በዐድዋ ነው። በሁለቱም ቦታ ውርደትን መፍራት እንዲያስቸኵላቸው አልፈቀዱለትም።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቹ ተማሪዎችና አዲስ ሥራ የያዙ ወጣት ሹማምንት እንደ ሆኑ እናውቃለን። እነሱ ጦር አያዘምቱም። ቢሆንም አንዱ በያዘው ነገር ስለ ተሳሳተ፣ ስሕተቱን ከመናገር ይልቅ በባሰ ስሕተት ሊሸፍነው ይዳዳዋል፤ ያን ጊዜ ባራቲዬሪን ያስብ። ሌላው ኀላፊነት እንዳይመጣበት ሲል የባላገሩን አቤቱታ በመሳቢያው ውስጥ ያሳድረዋል፤ እሱ ምንም አደጋ ላይ ያልወደቀ ይመስለዋል፤ አደጋው ግን ደጅ በሚጠናው ሰው ላይ ወድቋል። ስለዚህ ለመድፈርም ሆነ ለመዘግየት ከመቍረጣችን በፊት፣ ነገሩ ቢበላሽ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ከፋዩ እኛ ብቻ ስንሆን መድፈሩ የእኛ ጕዳይ ነው፤ ከፋዩ ሌላ ሲሆን ግን ሚዛኑን ሁለት ጊዜ ማየት ግዴታችን ነው።